ሳትታይ የተሰማች ሰንጢ

ባለፈው ቅዳሜ ከልጄ ጋር በባጃጅ ወደ ገበያ ስንወርድ አንድ ሽታ ድንገት አፍንጫዬን መታው። የተቃጠለ ቀንድ ሽታ። ልጄ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና «ኧረ እማዬ፣ ምንድን ነው የሞተው?» ትላለች። እኔ ግን «አቁም! አንተ ልጅ፣ አቁምልኝ!» ብዬ ባለባጃጁን አስደነገጥኩት። ከአንድ ብየዳ ቤት ደጃፍ አንድ ጎልማሳ ቁጭ ብሎ የበሬ ቀንድ በጋለ ብረት ይበሳል። ጭሱ ቢጫ ሆኖ ይትጎለጎላል፤ መንገደኛው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ይሸሻል፤ እኔ አንገቴን በባጃጁ ሸራ አውጥቼ እምገዋለሁ። «እማዬ፣ አሞሻል እንዴ?» ትለኛለች። ምን ያመኛል! ያሸተትኩት እኮ የጎረቤቴን የአያ ቢተውን ደጅ ነው። አያ ቢተው ካረፈ ዓመታት አልፈዋል፤ በደጁም ላይ ዛሬ ፎቅ ቆሟል። ላስረዳት ብሞክር ባጃጁ ይንገጫገጫል፣ ሙዚቃው ይጮኻል፣ እሷም ስልኳን ትነካካለች። ኤዲያ! እሷ ካልሰማችኝ እናንተ ስሙኝ።

ያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ባጃጅ የሚባል ነገር አታውቅም። የኛ ታክሲ ጋሪ ነበር። ክረምት ሲገባ ጭቃው የፈረሱን ቁርጭምጭሚት ይውጣል፤ ባለጋሪው ወርዶ ሲገፋ እኛ ሴቶቹ ቀሚሳችንን ሰብስበን እላዩ ላይ እንደተጎለትን ነን። ምን እናድርግ፣ በስንት ጣጣ የተሠራ ፐርም በዝናብ ይበላሽ? ሽማግሌዎቹ ከተማዋን ገና መንቆረር እያሉ ይጠሯት ነበር። ገጠሬው አረንጓዴ ቁምጣውን ታጥቆ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ ጃንጥላውን በዱላው ላይ አንጠልጥሎ በኮንጎ ጫማ ይገባል፤ የከተማው ጎረምሳ ደግሞ ሰፊ ሱሪውን ለብሶ፣ የሰልባጅ ጃኬት ጣል አድርጎ የመናኸሪያው ጥግ ላይ ይገተራል። ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ አንድ ሙዚቃ ቤት ነበር። ካሴቱን በመስኮቱ ደርድሮ፣ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ አምባሰሉን ሲለቀው ጋሪ የሚጎትተው ፈረስ እንኳ ረጋ የሚል ይመስለኝ ነበር። ፊት ለፊቱ ሻይ ቤት ነው፤ ሻይ በስሙኒ፣ ዳቦም በስሙኒ። ዛሬ በዚያ ሒሳብ ስኳሩን እንኳ አያሸቷችሁም! ከሻይ ቤቱ አጠገብ የእኔ የታይፕ ቤት፣ ከዚያ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዞ የአያ ቢተው መቀጥቀጫ ቤት። እኔ በዚህ በኩል ማመልከቻና ውል ስመታ፣ እሱ በዚያ በኩል ማረሻ ሲመታ፣ ባለጉዳዮቼ «ዘውዴ፣ የማንኛችሁ መዶሻ ነው የሚብሰው?» እያሉ ያሾፉብን ነበር። እውነትም የእኔዋ ታይፕ ጩኸቷ ለጉድ ነበር።

አያ ቢተው ትሑት ሰው እንዳይመስላችሁ። ወዲያ! «ከመንቆረር እስከ ጉንደ ወይን፣ እኔ ያልሳልኩት ማረሻ መሬት ቢነካ መሬቱ ይስቅበታል» ባይ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቅንድቡ በእሳት ተለብልቦ ያለቀ፣ በጋ ከክረምት አንዲት የወታደር ካፖርት የማያወልቅ፤ ሲቆጣ ከወናፉ ይልቅ እሱ ነው እሳቱን የሚያነደው። ታዲያ ያ ሁሉ ጉራ የሚሸፍነው ነገር ነበረው። ቀጥቃጭ ነዋ! በኛ አገር ያን ጊዜ ቀጥቃጭ መሆን ምን ማለት እንደነበረ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ማረሻውን ይወዱታል፤ ዓይኑን ይፈሩታል። ገበሬው ማጭድ አስሎ ሲወጣ ፈጠን ብሎ ነው። እናቶች ልጅ አዝለው በደጁ ሲያልፉ የልጁን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። እናቴ ራሷ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ያንን ቤት ስከራይ «ምሳሽን ስትበዪ በርሽን ዝጊ» ብላ መክራኝ ነበር።

እሱን ግን ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበው ስሙ ነው። ዝናብ ደንበኛ ሲያሳጣን በሬ ላይ ተደግፎ ይነግረኛል። «ዘውዴ፣ አባቴ የሠራው ቃጭል በስንት ደብር ይመታል መሰለሽ። እስቲ ሄደሽ ማን ሠራው በያቸው። ቀጥቃጩ ነው ይሉሻል። ያሠራው ባላባት ስም ይታወቃል። የተሸከመችው በቅሎ ስም እንኳ ሳይታወቅ አይቀርም!» ይልና ይስቃል። ሳቁ ቶሎ ያልቃል። «ማረሻውም የቀጥቃጩ፣ ማጭዱም የቀጥቃጩ። እኛ ስም የለንም እንዴ? ከመሞቴ በፊት አንድ ነገር፣ አንዲት ነገር ብቻ፣ ይህን ቢተው ሠራው ተብሎ ቢጻፍልኝ» ይል ነበር። ይህን ሲል ጉራው ሁሉ ከፊቱ ይጠፋል።

የሰንጢዋ ነገር የመጣው በመሪጌታ ዘለቀ ነው። መሪጌታ የደብረ ወርቅ ሰው፣ ብራና ጸሐፊ ናቸው። ወደ ማርቆስ ብቅ ባሉ ቁጥር እኔ ቤት አግዳሚ ላይ አረፍ ይሉና ታይፔን እየተመለከቱ «አንቺ ልጅ፣ ይኼ ፊደሉን በቡጢ ነው እንዴ የሚጽፈው?» ይሉኛል። የመቃ ብዕራቸውን የሚቀርጹባት አንዲት ሰንጢ ነበረቻቸው፤ ከሱቅ የተገዛች፣ እንደማንኛዋም ሰንጢ ስለቷ ወደ እጀታዋ የሚታጠፍ። አንድ ቀን ብዕር ሲቀርጹ ስለቱ ሳይጠሩት ታጠፈና ሌባ ጣታቸውን እስከ አጥንቱ በላው። የሚጽፉበትን ጣት! ሆስፒታል መጥተው ተሰፋላቸው። ጣታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው እኔ ደጅ ሲቀመጡ አያ ቢተው መዶሻውን ጥሎ ወጣ።

«አባቴ! ማነው እንዲህ ያደረገዎት?»

«ሰንጢ ናት እንጂ ሰው አይደለም፣ ቢተው።»

«ሰንጢዋ ምን አደረገች! የሠራት ሰው ነው እንጂ። ስለት ሠርቶ መከልከያ አልሠራላትም!» አለ እየጮኸ፤ የሌላውን ሠሪ ጥፋት ራሱ ያጠፋው ይመስል ፊቱ ቀላ።

«እንግዲያው አንተ የማትታጠፍ ሥራልኛ» አሉት መሪጌታ እየሳቁ። «ከሠራህልኝ ከዳዊቴ ጋር በአንድ ማኅደር እይዛታለሁ።»

የደብረ ወርቅ መሪጌታ የቀጥቃጭን ሥራ ከዳዊታቸው ጋር! አያ ቢተው ያን ቀን ሙሉ ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል ሰፈሩ ሁሉ ነው የሚደነግጠው፤ የሻይ ቤቷ ሴትዮ መጥታ «ታሞ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ከዚያ ወዲያ የለፋው ልፋት አይነገርም። ሞላ ያስገባባታል፤ ሞላው ይደክማል። ቀለበት ያደርግላታል፤ ቀለበቱ አፈር ይዞ አልዞር ይላል። ቀንድ በበሳ ቁጥር ሽታው በግድግዳው ስንጥቅ ገብቶ ባለጉዳዮቼን ያባርርብኛል፤ እኔ ከዚህ እጮኻለሁ፣ እሱ ከዚያ ይጮኻል። መላው የመጣለት ሳያስበው ነው። ከአሮጌ መኪና የወጣ ኩሽኔታ፣ ያን የብረት ፍሬዎች የታጨቁበትን ቀለበት፣ ሲሰብር አንዲቱ ፍሬ ተስፈንጥራ ብረት በሚቀጠቅጥበት በመስፉና መስፉ በተተከለበት ግንድ መሃል ባለች ሰያፍ ክፍተት ገባች። ሊያወጣት በሽቦ ቢገፋት ጠበቀች። መስፉን ቢጫነው ይበልጥ ነከሰች። ተናዶ ግንዱን ቢያዘነብለው ግን በገዛ እጇ ተንከባልላ ወጣች። «ዘውዴ! ነይ ውጪ! ነይ እልሻለሁ!» ሲል ቤት የተቃጠለ መስሎኝ ጫማዬን ሳላደርግ ሮጥኩ። ሰውዬው አንዲት የአተር ፍሬ የምታክል ብረት በመዳፉ ይዞ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ከሳምንታት በኋላ ሰንጢዋን በእጄ አስያዘኝ። እጀታዋ ጥቁር ቀንድ ነው፤ መሃሉ ላይ ነጭ መስመር ያልፍበታል። ስከፍታት ጠቅ አለች። ያች ጠቅታ ፍሬዋ በውስጥ ተዳፋቷን ወርዳ ከስለቱ ተረከዝ ኋላ ስትቀረቀር ነው። «አሁን እጠፊያት!» አለኝ። ገፋሁ፤ እምቢ። ከጠረጴዛ ጋር አስደግፌ ገፋሁ፤ በገፋኋት ቁጥር ጭራሽ ትጠብቃለች። «እሺ እንዴት ነው የምትዘጋው?» ስለው ተቀበለኝና ጫፏን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ እጀታዋን በመዳፉ መታ አደረጋት። ፍሬዋ ወደ ማደሪያዋ ተመለሰች፤ ስለቱም ያለ ምንም ግግም ታጠፈ። በቃ፣ ሌላ ምንም የለም። አንዲት ፍሬና አንዲት ተዳፋት። መሪጌታ በዳነው ጣታቸው ከፈቷት፣ ዘጓት፣ ደግመው ከፈቷት። «ወደ ሰማይ ካላየች አትታጠፍም በለኛ!» አሉና አማተቡ። እኔ በዕድሜዬ ብዙ አይቻለሁ። ስልክ ኪስ ሲገባ አይቻለሁ፣ ምሽቱ መብራት ሆኖ ሲያድር አይቻለሁ፣ የኮምፒውተር ጽሕፈት መጥቶ ታይፔን ሥራ ሲያስፈታት አይቻለሁ። እንደዚያ ቀን አፌን ይዤ የቀረሁበት ግን የለም። ያን የሚያህል ነገር ከዚያች ከጥቀርሻ ቤት፣ ከኔ ግድግዳ ወዲያ መውጣቱን ሳስብ ዛሬም ሰውነቴን ውርር ያደርገዋል።

ከእኔና ከመሪጌታ ሌላ ያያት መምህር አስናቀ ብቻ ነበር። መምህር አስናቀ የቴክኒክ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነው፤ ፈተና እኔ ጋ ነበር የሚያስመታው፤ ጸጉሩን ወደ ጎን የሚያበጥር፣ ሸሚዙ ኪስ ላይ ሁልጊዜ ቀለም የሚያፈስ እስክሪብቶ የማይጠፋ ልጅ። ሰንጢዋን አገላብጦ አገላብጦ «አያ ቢተው፣ ይኼ ፓተንት ያስፈልገዋል» አለ። ፓተንት ምንድን ነው አልነው። «አዲስ አበባ መሥሪያ ቤት አለ። አዲስ ነገር የፈጠረ ሰው በስሙ ይመዘገብለታል። ከዚያ ያለ እሱ ፈቃድ ማንም አይሠራውም።» ስለ ፈቃዱ፣ ስለ ትርፉ ብዙ አስረዳ። አያ ቢተው የሰማው አንዷን ብቻ ነው።

«ስም ይመዘገባል ነው ያልከው?»

«አዎ።»

«የኔ ስም? ከነአባቴ?»

«ከነአያትዎ።»

አያ ቢተው ካፖርቱን ቆለፈ። እንደ ቁርባን ቀን ታጥቦ መጥቶ ከኋላዬ ቆመና ማመልከቻውን እኔ መታሁት። ስሙ ጋ ስደርስ «እሷን ቦታ ደግመሽ ምቻት፣ ጥቁር ትበል» አለኝ። ደገምኳት። «እስቲ አንድ ጊዜ» አለ። ካርቦኑ እስኪበሳ መታኋት። መምህር አስናቀ ደግሞ በማስመሪያና በኮምፓስ የሰንጢዋን ሆድ ዕቃ ሣለ፤ ፍሬዋን ትንሽ ክብ አድርጎ። ጨርሶ ሲነሣ አስጠነቀቀን። «ሁለት ጥያቄ ይነሣል። የራሳቸው ሥራ ነው ወይ? ደግሞስ ከዚህ በፊት በዓለም ላይ ማንም አልሠራውም ወይ?»

«በዓለም ላይ?» አለ አያ ቢተው።

«በዓለም ላይ።»

«ኧግ! ዓለም ምን ሥራ ፈትቶ ነው የመሪጌታን ጣት የሚያስብ!» ብሎ ሳቀ።

«ብቻ መልሱ እስኪመጣ ድረስ ሰንጢዋ መሪጌታ ጋ ሳትሄድ እርስዎ ዘንድ ትቆይ፤ ሰው እንዳያያት» አለ መምህር አስናቀ። «ሰው ካየና ካወራ፣ ሌላው ቀድቶ ይሠራና ነገሩ ይበላሻል። አደራ!»

አያ ቢተውን «አታሳይ» ማለት ዶሮን ጥሬ ላይ አቁሞ «አትልቀሚ» ማለት ነው። ሰውዬው አላሳየም፤ ነገር ግን አወራ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! በቀጣዩ ገበያ የማትታጠፍ ሰንጢ ተሠራች የሚለው ወሬ ከእህል ተራ እስከ ከብት ተራ አዳረሰው። ገበሬው በጉንም ጌሾውንም ጥሎ ደጁን ሞላው። «አሳየን!» «አይቻልም፣ ሕግ ነው።» «እንዲያው ጫፏን?» «ጫፏንም።» «አይ፣ ውሸት ነው በሉ!» አለ አንዱ። ውሸት ነው መባሉን ያ ሰው እንዴት ይቻለው! መዶሻውን አስቀመጠና ድምፁን ከፍ አደረገ። «ሕጉ ማየትን ነው የከለከለው። መስማትን አልከለከለም። ዙሩ! ሁላችሁም ፊታችሁን ወደ መንገድ!»

እኔ በመስኮቴ ነበርኩ። ባለጋቢው፣ ባለጃንጥላው፣ በጉን በትከሻው የተሸከመው፣ ሽንኩርት ሻጯ፣ ሁሉም ተራ በተራ ዞረ። ጀርባቸውን ለአያ ቢተው ሰጥተው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ በጸጥታ ቆሙ። ሙዚቃ ቤቱ እንኳ ካሴቱን ቀነሰ። ጠቅ! አለች ሰንጢዋ። «ቆለፈች?» አለ አንድ ሽማግሌ ሳይዞር። «ቆለፈች!» አለ አያ ቢተው። «ግፋታ!» «ይኸው እየገፋኋት ነው፤ አትበገርም።» «እግዚኦ!» አለ ሰዉ ባንድ ድምፅ። ልማልላችሁ፣ አንድም ሰው ሰርቆ አላየም። ሕግ ነው ተብሏላ! ከዚያ ወዲያ በየገበያው ቀን ሆነ። «ዛሬ ሰንጢዋን ሳልሰማ አገሬ አልገባም» የሚል ሰው መጣ። ከሩቅ ቀበሌ ለእሷ ሲል የተነሣ አለ። ካህናትም ቆመዋል፣ ጥምጥማቸውን ወደ መንገድ አድርገው። መምህር አስናቀ አንድ ቀን ይህን ሲያይ ራሱን ይዞ «አያ ቢተው! ምን እያደረጉ ነው?» ብሎ ጮኸ። «ማን አየ? አንድ ያየ ሰው ጥራልኝ!» አለው። ልጁ ምን ይበል? ዞሮ ሰማና ሄደ።

እኔን ግን የገረመኝ ሌላ ነው። የዚያን ሰው ዓይን የሚፈሩ፣ በደጁ ሲያልፉ ልጃቸውን የሚሸፍኑ ሰዎች እኮ ናቸው ጀርባቸውን ሰጥተውት የቆሙት። አንዲት እናት ያዘለችውን ልጅ ይዛ ዞረች፤ ልጁ ከጀርባዋ ሆኖ፣ ፊቱ ሳይሸፈን፣ ከአያ ቢተው ጋር ፊት ለፊት ተያየ። ሕፃን ሕግ አያውቅ! ከዚያ ሁሉ ሰው ሰንጢዋን በዓይኑ ያያት እሱ ብቻ ነው፤ ስትከፈት አይቶ በሳቅ ፈነዳ። እናቱም «ምን አየብኝ?» ብላ አልደነገጠችም። ያን ቀን በሬን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ለምን እንዳለቀስኩ ብትጠይቁኝ ልነግራችሁ አልችልም።

መልሱ ግን ዘገየ። ክረምቱ አለፈ፣ ደግሞ ሌላ ክረምት መጣ። መምህር አስናቀ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ «እየመረመሩት ነው» ይለናል። ሙዚቃ ቤቱ ካሴቱን ወደ ሲዲ ቀየረ። ስሙኒ የሻይ ዋጋ መሆኗ ቀርቶ ለለማኝ ስትሰጥ የምታሳፍር ሆነች። የመጀመሪያዎቹ ባጃጆች ከተማ ገብተው ፈረሶቹን ሲያስደነብሩ፣ እኛ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «መጣ?» «አልመጣም።» መንገደኛው፣ ባለሻይ ቤቷ፣ ባለጋሪው፣ ሁሉም «መጣ?» ነው ሰላምታው። በዚህ መሃል የውጭ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ፣ ቢላና መቀስ በመስታወት ውስጥ የሚደረድር፣ «ይኼማ ከውጭ አገር ዕቃ አይቶ የቀዳው ነው። ለመሆኑ ቀጥቃጭ ይህን ከየት ያመጣዋል?» ብሎ አወራ። አያ ቢተው ሰማ። ይጮኻል፣ ያብዳል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ መዶሻውን አስቀመጠ። መስፉ ዝም አለ። «ዘውዴ» አለኝ በሬ ላይ ተደግፎ፣ «ስም አማረኝ። ስሜ ተጽፎ ካልመጣ ይኼ ሁሉ ሰው ሌባ ነው የሚለኝ። አባቴ ያለ ስም ሞተ፤ እኔ በሌባ ስም ልሞት ነው።» አጽናናሁት፤ ግን እኔም ፈርቼ ነበር።

መልሱ የመጣው በገበያ ቀን ነው። መምህር አስናቀ ከአዲስ አበባው አውቶብስ ወርዶ በእግሩ ሲመጣ ሰው ከሩቅ አይቶት መንገዱን ከፈተለት። ሁሉም ተሰብስቧል። መሪጌታም ነበሩ፤ ያ ነጋዴም ከሱቁ ወጥቶ እጁን አጣጥፎ ቆሟል። አያ ቢተው ከደጁ ቆሞ ጠበቀው።

«ተጻፈ?» አለው። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

መምህር አስናቀ አቀርቅሮ «አልተጻፈም፣ አያ ቢተው» አለ። «የእርስዎ ሥራ አይደለም አላሉም። ብቻ ከባሕር ማዶ አንድ ሰው ከብዙ ዓመት በፊት ይህንኑ አስመዝግቦታል። ፍሬዋም፣ ተዳፋቷም፣ ሁሉም ያው ነው። አዲስ ስላልሆነ በስምዎ አይመዘገብም አሉ።»

ሰዉ አጉረመረመ። «አላልኳችሁም?» አለ ነጋዴው። እኔ ደሜ ፈላና «ሌባ! ሰውዬው ነው የሰረቀው!» ብዬ ጮኽኩ። ከብዙ ዓመት በፊት የሠራ ሰው እንዴት ከአያ ቢተው ይሰርቃል ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ አንጀቴ አርሮ ነው። መምህር አስናቀ ከቦርሳው አንዲት ወረቀት አወጣ፤ ያ ሰውዬ ያስመዘገበው ሥዕል ነው። አያ ቢተው እጁን በካፖርቱ ጠርጎ ተቀበለው። ማንበብ አይችልም፤ ሥዕሉን ግን ጣቱን አስከትሎ ተመለከተው። ጣቱ እየሄደ፣ እየሄደ፣ አንዲት ትንሽ ክብ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ፍሬዋ» አለ። «ፍሬዋ እኮ ናት! ይቺ ተዳፋቷ! እንዴ!» ሊቀደው ነው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። እሱ ግን ቀና ሲል ፊቱ ሌላ ሆኗል። «ይኼ ሰውዬ እኔን አይቶኛል?»

«የት አይቶዎት!»

«እኔስ እሱን?»

«አላዩትም።»

«ታዲያ በምን ተገናኘን?»

ነጋዴው እንኳ እጁን ፈታ። «ልብን የፈጠረ አንድ ነው፣ ቢተው» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው።

«ሥራው ምንድን ነው? ሰውዬው?»

«ቢላ ሠሪ ነው ይላል» አለ መምህር አስናቀ።

«ቀጥቃጭ ነዋ!» አያ ቢተው በርጩማው ላይ ዘፍ አለ። «በሞቴ፣ ቀጥቃጭ ነው! ስሙ አለ? እዚህ ላይ ስሙ ተጽፏል?»

«ተጽፏል። ይኸው ከላይ፣ በትልቁ።»

«አንብብልኝ።» አነበበለት፤ ለኛ ምላስ የማይመች ስም ነው፣ ዛሬ አላስታውሰውም። «ድገመው።» ደገመለት። አያ ቢተው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አብሮት ሊል ሞከረ፣ አቃተው፣ እንደገና ሞከረ። ከዚያ ተነሣና ሰንጢዋን ከካፖርቱ ኪስ አወጣ። ሰዉ ልማድ ሆኖበት ሊዞር ሲል «ተዉ፣ አትዙሩ። እዩዋት!» ብሎ ከፈታት። ሰዉ ሁሉ ተጠግቶ አያት። ያ መጀመሪያ «ቆለፈች?» ያለው ሽማግሌ ራሱን እየነቀነቀ «ያንተ ስም ግን ቀረ፣ ቢተው» አለ።

«የኔማ ቀረ» አለ አያ ቢተው፤ ያችን ወረቀት በጥቀርሻ እጁ ወደ ሰዉ ከፍ አድርጎ ያዘና፣ «ግን እዩልኝ፣ ከእኛ ከቀጥቃጮቹ አንዱ ስሙ ተጽፎለታል። ያውም በትልቁ!» አለ።